ብርዱ ሳይገባ ዘራችሁን ሰብስቡ

ጓሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ውርጭ ሳይቀድማችሁ ዘር መልቀም ጀምሩ። የሚለቀመው ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው። የደረቀውን የአበባ ራስ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል፣ ገና አረንጓዴ ከሆነ ግን ተዉት።

ከዚያ ወረቀት ላይ በትናችሁ ጥላ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳምንት አድርቁት። አደራ ፌስታል ውስጥ እንዳታስገቡት! የቀረችው ትንሽ እርጥበት ታፍና ሻጋታ ታመጣለች፣ እኔ የዓመት ልፋቴን ያጣሁት በዚህ ነው። የወረቀት ፖስታ ይሻላል፤ ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት፣ በኋላ ዘሩ ሁሉ ይመሳሰልባችኋል። የቲማቲም ዘር ከሆነ ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ቀን አቆዩትና አጥባችሁ አድርቁት። ከዲቃላ ዝርያ፣ ማለትም ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ከተገኘ ተክል፣ የተለቀመ ዘር ግን እናቱን ላይመስል ይችላል።

ከዓመት ዓመት ለሚቆዩት ተክሎች ደግሞ ማዳበሪያ አቁሙ፤ አሁን የሚያወጡትን ለጋ ቅጠል ብርዱ ይመታዋል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ መሬቱ በረዶ ሳይሠራ በደንብ አጠጡ። መሬቱ ቀዝቀዝ ሲል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙላቸው፣ የግንዱ ሥር ላይ ግን አትከምሩበት፣ ይበሰብሳል። ጤነኛውን ደረቅ አገዳ ሁሉ አትቁረጡት፤ ውስጡ ብርዱን የሚያሳልፉ ንቦች አሉ፣ ለእነሱም እናስብላቸው። ዳህሊያ የሚባለው አበባ ካላችሁ ቅጠሉ በውርጭ ሲጠቁር ሥሩን በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡና በረዶ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።