የሩዝ ዘራችሁን በእንቁላል ፈትኑት

ያደግሁት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት አገር። ሩዝ የለመድነው የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና ኅብረት ሥራ ማኅበር ካስለመዱን ወዲህ ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራችን ሆኗል።

አንድ ዓመት ዘር አጠረንና ከገበያ ገዛን። ግማሹ አልበቀለም። የበቀለውም ድብልቅልቅ ነበር፤ አንዱ ደርሶ ፍሬው ሲረግፍ ሌላው ገና እሸት ነው። መፈልፈያ ስንወስደው ቀይና ስብርባሪ ወጣ፤ ዋጋው ወደቀ። አባቴ ያን ቀን ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት ላይ ዘሩን ሳንፈትን አንዘራም።

ባልዲ ውስጥ ንጹሕ ውሃ አድርጉ። ጥሬ እንቁላል ጨምሩበት፤ ይሰምጣል። በቅርብ የተጣለ ይሁን፤ የቆየ እንቁላል ያለ ጨውም ስለሚንሳፈፍ ያሳስታችኋል። አሁን ጨው በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉ። የእንቁላሉ ጫፍ የብር ሳንቲም ያህል ብቅ ሲል ጨው ይብቃችሁ። እንቁላሉን አውጡና ዘሩን ጨምሩ፤ በእጃችሁ አማስሉት። የተንሳፈፈው ፍሬው ያልሞላ ነው፤ ግፈፉት። የሰመጠውን ወዲያው ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ጨው ከቀረበት ቡቃያውን ይጎዳል። በመድኃኒት የታሸ ዘር ከሆነ ግን የተገፈፈውን ለዶሮ እንዳትሰጡ!

ከዚያ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጉ፤ እንዳይደርቅ ጠብቁት። በሳምንት ውስጥ 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝሩት። በጣም ካነሰ ሌላ ዘር ፈልጉ።

እንቁላሉ የማይነግራችሁ ነገር ቢኖር የዝርያ መቀላቀልን ነው። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው አይአር 8 የተባለ የሩዝ ዝርያ አጭርና ጠንካራ አገዳ ስላለው ማዳበሪያ ሲበዛለት አይወድቅም፤ የእስያን ምርት ያሳደገው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ወረታ ያለው የምርምር ማዕከላችንም እንደ ሻጋ ያሉ ዝርያዎችን ይሠራል። ተመራማሪ ዓመታት የለፋበትን ዘር እኛ አውድማ ላይ ቀላቅለን እናበላሸዋለን። ይሄ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለዘር የምታስቀሩትን ጥግ ቀድማችሁ ለዩ። ሲያብብ ግቡበት፤ በቁመትም በመልክም የተለየውን ከሥሩ ንቀሉ። ለብቻው ውቁት። በደንብ አድርቃችሁ ጆንያውን ርብራብ ላይ አስቀምጡት፤ መሬት አይንካ።