ለገና የጣሳ ፋኖስ ከልጆች ጋር

ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ የፕላስቲክ ክዳን ያለውን የዱቄት ወተት ጣሳ ለቆራሌው አትስጡ። ለታኅሣሥ 29 ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ይድረሰው። በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ በኩል የዚህ ወር ምሽት ብርድና ነፋስ አያጣውም፤ ደጅ ላይ እንዲሁ የበራ ሻማ ቶሎ ይጠፋል፣ ጣሳ ውስጥ ያለው ግን ይቆያል።

ባለ 400 ግራሙ ጣሳ ለልጅ እጅ ልክ ነው። አፉን በጨርቅ ዳብሱት፤ የሚቧጭር ጠርዝ ካለው በፒንሳ ወደ ውስጥ እጠፉት።

ከሁሉም የሚበልጠው አሸዋው ነው። ባዶ ጣሳ በሚስማር ሲመታ ከመበሳቱ በፊት ይሰረጉዳል። ስለዚህ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ እርጥብ አሸዋ በሦስት ዙር እየጠቀጠቃችሁ እስከ አፉ ሙሉትና ክዳኑን ግጠሙ። ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማችሁ ጨምሩበት። ውሃ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ ግን በረዶው ሲሰፋ የጣሳውን ታች ያሳብጠዋል፣ መብራት ከጠፋም ሥራው ይቆማል። እኛ አሸዋውን እንመርጣለን።

ልጁ ወረቀት ላይ መስቀል ወይም ኮከብ በነጠብጣብ ይሣል። በነጠብጣቦቹ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ በጣም ከተቀራረቡ ቀዳዳዎቹ ይገናኙና ቆርቆሮው ይቀደዳል። ከታች 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይበሳ ይቅር፣ የጀርባው ጎንም እንዲሁ፤ ነፋስ የሚከለክለው እሱ ነው። ወረቀቱን በስኮች ለጥፋችሁ ጣሳውን በታጠፈ ማዳበሪያ ላይ አጋድሙ፤ አይንከባለልም። ትልቁ ሰው ሚስማሩን በፒንሳ ይያዝ፣ ልጁ በመዶሻ ይምታ፦ አንዴ በቀስታ፣ ከዚያ ሁለቴ ጠንከር አድርጎ። ለማንጠልጠያው ሽቦ ከአፉ በታች ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ ብሱ።

ሲያልቅ አሸዋውን ደፍታችሁ ጣሳውን ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ እርጥቡን ካደረ ይዝጋል። ሚስማሩ ውስጡ ጥርስ ስለሚያወጣ ልጆች እጃቸውን አያስገቡ።

ከስምንት ዓመት በታች ላሉት መዶሻው ይቅር። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግርጌ አምስት እግር አለው፤ እናንተ ቆርጣችሁ ስጧቸው፣ እነሱ ቀለም ቀብተው ለጥዱ ኮከብ ያድርጉት። የውሃ ሃይላንድ ግርጌ ይህ ቅርጽ የለውም። የውሃ ቀለም ብቻውን ፕላስቲክ ላይ ተንሸራቶ ይሰበሰባል፤ ከእኩል ነጭ ኮላ ጋር ቀላቅሉት።

ማታ በጣሳው ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ጨምሩና ለሦስት የተቆረጠ ሻማ ትከሉበት። ጧፍ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ ያጎብጠዋል። ጣሳውም ሽቦውም ይግላሉ፤ ከበራ በኋላ ልጅ አያንሳው። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ላይም ሆነ ጥዱ ሥር አታስቀምጡት፤ ሁለቱም ሲደርቁ ቶሎ ይያያዛሉ። የበረንዳው ደረጃ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃዋል።