የጣናን ገዳማት በማለዳ

ባሕር ዳር የምትሄዱ ከሆነ ማለዳውን ለጣና ገዳማት፣ ከሰዓቱን ለከተማው አድርጉት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታታል። በማለዳ ግን የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ባላገሮች እያያችሁ በጸጥታ ትሻገራላችሁ።

ጊዜ ካጠረባችሁ ዘጌ ይበቃችኋል። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ስትራመዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ። ጫማ አውልቃችሁ ከገባችሁ በኋላ አትቸኩሉ፤ መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፣ በየበሩም ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል። ነጠላ አትርሱ።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም፤ ስለዚህ ዋጋውንም የምታርፉባቸውንም ገዳማት ከባለጀልባው ጋር ሳትነሡ ተስማሙ። ጢስ ዓባይን ደግሞ ክረምቱ እንዳበቃ፣ በመስከረም እዩት፤ በበጋ ውኃው እጅግ ይቀንሳል።