ሴትና ወንድ አብረው በሚጫወቱበት የቦል ሆኪ ሊግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካናዳ ለሚኖር ሰው ይህ ግብዣ ሳይታሰብ ይመጣል። የሥራ ባልደረባ «ቡድናችን ሰው ጎድሎታል፣ ሐሙስ ማታ ትመጣለህ?» ይላል። ጨዋታው ቦል ሆኪ ነው። በረዶም ሆነ የበረዶ ጫማ አያስፈልግም። በስኒከር ይሮጣል። የሚመታው ጠፍጣፋው ጥቁር ፓክ ሳይሆን ብርቱካናማ የፕላስቲክ ኳስ ነው። ሰመር ላይ በረዶው የተነሳለት አሬና ውስጥ፣ ዊንተር ላይ ጂም ውስጥ ይጫወቱታል። ብዙዎቹ የመዝናኛ ሊጎች ደግሞ ሴትና ወንድ የተቀላቀለባቸው ናቸው።

ለኛ ሰው ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በገና ሰሞን ሩር የለጋ ሰው ቆልማማ ዱላ ይዞ ኳስ ማሳደድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ያደገ ሰው ዱላ ሲያነሳ ዓይኑን አያሽም። እዚህ ግን ጌታው ባይቆጣ ዳኛው ይቆጣል።

ደንቡ ከሊግ ሊግ ይለያያል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የሊጋችሁን ደንብ አንብቡ። መነሻው ግን የትም ቢሆን አንድ ነው። የሚጫወተው ሰው ሁሉ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገቢ ነው። ጥርሱም ጣቱም ሳይጎድል መግባት አለበት። በዚህ ዓይን ካያችሁት አብዛኛው ደንብ ለምን እንደተጻፈ ወዲያው ይገባችኋል።

ስቲክን እንደ ገና ዱላ ማንሳት

ጀማሪን የሚያስቀጣው በአብዛኛው ይሄ ነው። ኳሷ ቀላል ናት፣ ወለሉ ደግሞ ሲሚንቶ ወይም የጂም ወለል። ስለዚህ ትነጥራለች። ደረት አካባቢ ስትደርስ ጀማሪው ስቲኩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ይወነጭፋል። ከጎኑ ማን እንዳለ አላየም። ኳሷን ይስታታል፣ ስቲኩ የሌላውን አገጭ ያገኛል፣ ፊሽካ ይነፋል። አገጭ ባይነካ እንኳ ስቲኩ ሰው አጠገብ ከፍ ማለቱ ብቻውን ያስቀጣል። አንዳንዱ ሊግ ገደቡን ወገብ ላይ ያደርገዋል፣ ሌላው ትከሻ ላይ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የነጠረችን ኳስ በተከፈተ መዳፍ ወደ መሬት ማውረድ ይፈቀዳል። መጨበጥ ግን አይቻልም። ካልሆነም እስክትወርድ መጠበቅ ነው። ከጎሉ አግዳሚ በላይ በተነሳ ስቲክ የገባ ጎልም አይቆጠርም። አግዳሚው ያለው ደግሞ 1 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ ማለትም ከብዙ ሰው ደረት በታች።

ሁለተኛው የማንሳት ዓይነት ምት ላይ የሚመጣው ነው። ስላፕ ሾት ይሉታል። ስቲክን ከኋላ ከፍ አድርጎ ኳሷን መጠለዝ። በቴሌቪዥን ሲያዩት ያምራል። በብዙ የመዝናኛ ሊጎች ግን ክልክል ነው፣ ከኋላ የቆመ ሰው ስቲኩን በፊቱ ሊቀበል ይችላልና። ከዚያ ይልቅ ኳሷን ከስቲኩ ሳትለዩ በእጅ አንጓ ወርውሯት። ከለቀቃችኋት በኋላ ስቲኩ ወደ ሰማይ እንዳይሄድ ጫፉን ወደ ጎሉ ቀስራችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጨርሱ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ነው። «መቼ አነሳሁ?» ብሎ የሚከራከረውም እሱው ነው።

ሌላው በአንድ እጅ መወንጨፍ ነው። ተጋጣሚ አልፏችሁ ሲሮጥ ከኋላ ሆኖ ስቲክ ዘርግቶ መምታት ያጓጓል። ኳሷ ትገኛለች ሲባል የሚገኘው የሰውየው እጅ ወይም ቁርጭምጭሚት ነው። የተጋጣሚን ስቲክ ከሥር ገብቶ በራስ ስቲክ ማንሳት ሕጋዊ ነው። እጅ መምታት፣ በስቲክ መጎተት፣ እግር መጥለፍ ግን ሁለት ደቂቃ ፔናሊቲ ቦክስ (የተቀጡ ሰዎች መቀመጫ) ውስጥ ያስቀምጣል። በዚያ ሁለት ደቂቃ ቡድናችሁ አንድ ሰው ጎድሎበት ይጫወታል። ሰዓቱ በማይቆምባቸው ሊጎች ቅጣቱን ሦስት ደቂቃ የሚያደርጉ አሉ። በዚያ ፋንታ ሪጎሬ የሚሰጡም አሉ፤ አንድ አጥቂ ከመሃል ተነስቶ ከጎሊው (ከግብ ጠባቂው) ጋር ብቻ ለብቻ ይገናኛል።

የሴቶቹን ቁጥር መርሳት

ይህ የካፒቴኑ ስህተት ነው፣ የሚከፍለው ግን ቡድኑ ሁሉ ነው። አሬና ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሯጭና አንድ ጎሊ ይሰለፋል። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴት ይሁኑ የሚል ደንብ በብዙ ሊጎች አለ። ጂም ላይ ተሰላፊው ያንሳል፣ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። ጎሊዋ ሴት ብትሆንም በብዙ ቦታ ከቁጥሩ ውስጥ አትገባም። ዋናው ነገር፣ ሴት ከጎደለች በወንድ አይተካም። ጎድሎ ይጫወታል።

ሲሆን እንዲህ ነው የሚመስለው። ጨዋታው ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው። ወንዶቹ ከጎሊው ሌላ አስር ሆነው መጥተዋል። ሴቶቹ ሁለት ናቸው። ሦስተኛዋ «ልጄን አተኮሰው» ብላ ቀርታለች። ሁለቱ ያለ ቅያሪ ይሮጣሉ። ሁለተኛው ፔሬድ ላይ አንዷ ጎኗን ይዛ ትወጣለች። ሰባት ወንድ ወንበር ላይ ተደርድሮ ቡድኑ በአራት ሰው ይከላከላል። ሰባቱም ካፒቴኑን ያዩታል። እሱ ስልኩን ያያል።

ስለዚህ ቡድን ስትመሠርቱ ሴቶቹን አስቀድማችሁ አሟሉ። አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው የሚሻለው። በዋዜማው «ማን ይመጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁ የሴቱንና የወንዱን ለየብቻ ቁጠሩ። ተቀያሪ ልትሆን የምትችል ሴት ስልክ ካፒቴኑ ጋ አይጥፋ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የተደወለ ስልክ ማታ ሜዳ ዳር ከሚደረግ ጭቅጭቅ ይሻላል።

አንዳንድ ሊግ ሴት ያገባችውን ጎል ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ኳስ እንዲደርሳቸው ተብሎ ነው። እኔ አልወደውም። ጎበዟን ተጫዋች ያሳንሳታል፣ ጀማሪዋን ደግሞ ጎል አፍ ላይ ገትሮ ያስቀራታል። ሊጋችሁ ይህ ደንብ ካለው ግን እወቁት። አንድ ለባዶ እየመራችሁ አንዲት ሴት ጎል ብታገባባችሁ አቻ አልወጣችሁም። ተመርታችኋል።

ለሴት ኳስ አለማቀበል

ደንቡ ሁለት ሴት አሰልፉ ይላል እንጂ ኳስ ስጧቸው አይልም። ያንን ማስገደድ አይቻልም። ግን ሒሳቡን ሥሩት። ከአምስት ሰው ሁለቱን የማታዩ ከሆነ በሦስት ሰው አምስት ሰው እየገጠማችሁ ነው። ተጋጣሚ ይህንን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያነበዋል። ሴቶቹን ትቶ ሦስቱን ወንዶች ብቻ ይይዛል።

ተቃራኒውም አለ። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ አንድ ጎበዝ ስቲክ ከጨበጠ ገና ሳምንቱ ነው። አጠገቡ ያለችውን ካናዳዊት «እዚህ ቁሚ፣ አይዞሽ» ይላታል። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምራ ሆኪ ስትጫወት ያደገች ልትሆን ትችላለች። የሴቶች የበረዶ ሆኪ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሄይሊ ዊከንሃይዘርን እያየ ያደገ ትውልድ አለ። ዊከንሃይዘር ከካናዳ ቡድን ጋር አራት የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ያቺ «አይዞሽ» የተባለች ልጅ ኳሷን በሰው እግር መሃል አሳልፋ ስትሄድ፣ ቆሞ የሚቀረው «ቁሚ» ያላት ሰው ነው።

ሴት ኳስ ይዛ ስትመጣ ገለል ብሎ መንገድ የሚለቅም አለ። አክብሮት መስሎት ነው። እሷ ግን የመጣችው ልትጫወት ነው። ኳሷን ንጠቋት። በስቲክ፣ ገላዋን ሳትነኩ።

በገላ መግፋት

እግር ኳስ ላይ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ይፈቀዳል። እዚህ አይፈቀድም። ሳይታሰብ መጋጨት መቼም አይቀርም። ዳኛው የሚያየው የፈለጋችሁት ኳሷን ነው ወይስ ሰውየውን የሚለውን ነው። በተለይ ሜዳውን የከበበው ግድግዳ (ቦርዱ) አካባቢ ተጠንቀቁ። ጀርባውን የሰጣችሁን ሰው ወደ ግድግዳው መግፋት ከሁለት ደቂቃ አልፎ ከጨዋታ ሊያስወጣ ይችላል። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ኦታዋ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የሴቶች የበረዶ ሆኪ የዓለም ሻምፒዮና በገላ መግጨትን ይፈቅድ ነበር። በኋላ ነው የቀረው። የካናዳ ሴቶች ያኔ የለበሱት ደግሞ ሮዝ ማሊያ ነበር። ሮዝ ለብሰው ይገጫጩ ነበር ማለት ነው።

ሜዳ ላይ መክረም

በእግር ኳስ ያደገ ሰው ሜዳ ከገባ በኋላ መውጣት ውርደት ይመስለዋል። ቦል ሆኪ ላይ ቅያሪው ገደብ የለውም፣ የሚካሄደውም ጨዋታው ሳይቆም ነው። አንዱ ዙር ሽፍት ይባላል። ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ቢሆን ደህና ነው። ሁለት ደቂቃ የቆየ ሰው እየሮጠ አይደለም፣ እየተጎተተ ነው። ስቲኩን የሚያነሳውም፣ እግር የሚጠልፈውም ያን ጊዜ ነው። ወንበር ላይ ያሉት ደግሞ በሆዳቸው ይረግሙታል። እነሱም ከፍለው ነው የመጡት።

መቼ ይወጣል? ኳሷ በተጋጣሚ ሜዳ ውስጥ ስትሆን። ወደ ጎላችሁ እየመጣች ሳለ ጀርባ ሰጥቶ ወደ ወንበር መሄድ ጎል መመረቅ ነው። የሚገባው ሰው ደግሞ የሚወጣው ሰው በሩ ጋ ሳይደርስ ዘሎ ኳስ እንዳይነካ። አለዚያ ስድስት ሆናችሁ ትቆጠራላችሁ፤ ሁለት ደቂቃ። ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ መቀያየርን ልማድ ካደረጋችሁት የቁጥሩም ጣጣ ይቀልላል።

ኦፍሳይድን በእግር ኳስ ዓይን ማየት

ጂም ላይ ብዙውን ጊዜ ኦፍሳይድ የለም። አሬና ላይ አለ። የመጨረሻው ተከላካይ የት ቆሟል የሚል ነገር ግን አይሠራም። ወደ ማጥቂያ ሜዳ የሚያስገባውን ሰማያዊ መስመር ከኳሷ ቀድሞ ማለፍ አይቻልም፣ በቃ። አንድ ልዩ ነገር ግን አለ። በብዙ የቦል ሆኪ ሊጎች ኳሷ ሰማያዊውን አንዴ ካለፈች የማጥቂያ ሜዳችሁ እስከ መሃሉ ቀይ መስመር ይሰፋል። ቀዩን ተሻግራ እስካልተመለሰች ድረስ ወደ ኋላ መሮጥ የለባችሁም። የበረዶ ሆኪ የለመዱት ሳይቀሩ እዚህ ላይ ይደናገራሉ።

የማይሆን ዕቃ መግዛት

የስቲክ ጫፍ ጎባጣ ነው፣ ግራና ቀኝ አለው። «እኔ ቀኜ ነኝ» ብሎ የቀኝ ስቲክ አንስቶ የሚወጣ ብዙ ነው። በቀኙ የሚጽፍ ካናዳዊ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው የግራ ስቲክ ነው። ጠንካራው እጁ ከላይ ሆኖ ስቲኩን ይመራል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱንም ይዛችሁ ሞክሩ። በስኒከር ስትቆሙ ርዝመቱ አገጫችሁ አካባቢ ይድረስ። ውዱን የካርቦን ስቲክ ተዉት። ሲሚንቶ ጫፉን ይበላዋል። የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ርካሹ ይበቃል።

ሄልሜቱ የሆኪ ይሁን፣ ሲኤስኤ (CSA) የሚል የካናዳ የደረጃ ምልክት ይኑረው። የብስክሌት ሄልሜት አያስገባም። ጓንትና የቅልጥም መከላከያም ያስፈልጋል። ጓንት የሌለው ጣት ምን እንደሚሆን ከላይ ያልነው የአንድ እጅ ውንጨፋ ያሳያችኋል። ጂም ከሆነ ደግሞ ወለል የማያጠቁር ሶል ያለው ጫማ።

ሌሎች

ጎሊው ፊት ያለው ቀለም የተቀባ ክልል የእሱ ነው። አትቁሙበት። ኳሷን ከሸፈነ በኋላ መጎርጎር አቁሙ። ጥፋት ብቻ ሳይሆን ጠብም የሚነሳው እዚያ ነው። የተደባደበ ሰው ከዚያ ጨዋታ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ለቀጣዮቹም ይታገዳል።

በሌላ ሰው ስም አትጫወቱ። «የአጎቴ ልጅ ስሙ ተመዝግቧል፣ እኔ ልግባለት» የሚባል ነገር አይሠራም። ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነት ወስጃለሁ ብሎ የፈረመው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ከታወቀ ቡድኑ በፎርፌ ይሸነፋል። በመጨረሻ ለሚደረጉት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ደግሞ ብዙ ሊግ የተወሰኑ ጨዋታዎችን አስቀድሞ መጫወትን ይጠይቃል፤ በመጨረሻው ሳምንት ጎበዝ ማስገባት አይቻልም።

ከዳኛ ጋር የሚነጋገረው ካፒቴኑ ነው። እጅ እያወናጨፉ ከቦክስ ውስጥ መጮህ ሁለቱን ደቂቃ አራት ያደርጋል። በአማርኛ ብትሳደቡም ፊታችሁ ይተረጉመዋል። ጨዋታው ሲያልቅ መሃል ላይ ተሰልፎ መጨባበጥ አለ። ተሸንፋችሁም ቢሆን ተሰለፉ።

ልምምድ ከፈለጋችሁ ሰፈር መንገድ ላይም ይቻላል። ቶሮንቶ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ኳስ መጫወትን ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማው ምክር ቤት ፍጥነታቸው በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ የሰፈር መንገዶች ላይ በቀን እንዲጫወቱ ፈቀደ። መኪና ሲመጣ «ካር!» ተብሎ ይጮሃል፣ ጎሉ ተነስቶ ወደ ዳር ይወጣል። ሲያልፍ «ጌም ኦን!» (ጨዋታው ይቀጥል) ይባላል። የሰፈሩ ልጆች ያስገቧችኋል። መጀመሪያ ግን ጎሊ አድርገው ነው የሚያቆሟችሁ።