ያልተሳካ የቫምፓየር ሙዚቃዊ ቴአትር አይተው ሲወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ከቴአትር ቤት ወጥቶ «አይረባም» ለማለት ማንም አያንስም። የኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች መንደር ብሮድዌይ ከ2002 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሦስት የቫምፓየር ሙዚቃዊ ቴአትሮች አቅርቦ ሦስቱንም በጊዜ ዘግቷል። «ዳንስ ኦፍ ዘ ቫምፓየርስ» 56 ጊዜ ታየ። የኤልተን ጆን ዜማ ያለበት «ሌስታት» 39 ጊዜ። የፍራንክ ዋይልድሆርን «ድራኩላ» ነሐሴ ላይ ተመርቆ የፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ማግስት ላይ አበቃ። በሦስቱም ላይ የተሰነዘረው አስተያየት ለቁጥር ያስቸግራል፤ ምን እንደተበላሸ የሚናገረው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አዲስ የቫምፓየር ሥራ በመጣ ቁጥርም ያው ስህተት ይደገማል።

ጥፋቱን ሁሉ ፊት ለፊት በቆመው ሰው ላይ መለጠፍ

ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ የቀሩት ከዚህ ቢያንሱ ነው። ተመልካች ይሰለቻል፤ ከዚያ ለምን እንደሰለቸው ሳይጠይቅ ዓይኑ ያረፈበትን ዘፋኝ ይከሳል። ካልሆነ ደግሞ ስሙ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዜማ ደራሲ። ሙዚቃዊ ቴአትር እኮ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ታሪኩንና ምልልሱን የጻፈው ሌላ ነው፣ የዘፈኑን ግጥም የጻፈው ሌላ፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሌላ፤ አዘጋጁና የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ገና አልተጠሩም። የትኛው እንደወደቀ ሳይለዩ «ሙዚቃው ጣለው» ማለት መኪና መንገድ ላይ ቆመ ብሎ ቀለሙን እንደመውቀስ ነው።

«ዳንስ ኦፍ ዘ ቫምፓየርስ»ን እንውሰድ። የጂም ስታይንማን ዜማዎች ናቸው። እነዚሁ ዜማዎች ከሚካኤል ኩንዘ የጀርመንኛ ግጥም ጋር ሆነው፣ በሮማን ፖላንስኪ አዘጋጅነት፣ ጥቅምት 1997 ቪየና ውስጥ በራይሙንድ ቴአትር ተመረቁ፤ እዚያም ከሁለት ዓመት በላይ ታዩ። ከዚያ ሽቱትጋርት፣ ኋላም ሐምቡርግና በርሊን ሄዱ። ኒው ዮርክ ሚንስኮፍ ቴአትር የተመረቁት በዲሴምበር 2002 ሲሆን ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 ተዘጋ፤ ኪሳራውም 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዜማው ያው ነው። እንግዲህ ምን ተለወጠ? የቪየናው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በዘፈን የሚሄድ፣ ጨለማነቱን የጠበቀና ቀልዱን ከሁኔታው የሚያወጣ ሥራ ነበር። ለኒው ዮርክ ሲዘጋጅ በንግግር የሚወረወሩ ቀልዶች ገቡበት፤ ጌታውን ቫምፓየር ካውንት ፎን ክሮሎክን ማይክል ክሮፎርድ ሊያስቅበት በሚችል መልክ ቀረጹት። ገጸ ባሕርይው በንግግሩ ያስቃል፤ ወዲያው ደግሞ ስለማይጠግብ ረሃቡ ከልብ እንዲዘፍን ይጠየቃል። ተመልካች ለሁለተኛው ዝግጁ አይደለም፤ ገና እየሳቀ ነው። ይህ የድርሰትና የአዘጋጅነት ጥፋት ነው። «ክሮፎርድ አልቻለም» ብሎ የጻፈ ሰው ምልክቱን አይቶ በሽታውን ስቷል።

ጥፋቱን ለመለየት የሚያስቸግር ነገር የለውም። በር ላይ በሚሰጣችሁ ፕሌይቢል (የትርኢቱ ፕሮግራም መጽሔት) ውስጥ የዘፈኖቹ ዝርዝር አለ። በዕረፍት ጊዜና ሲያልቅ በእያንዳንዱ ዘፈን ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ለማን ዘፈነ? ምን ፈልጎ? ዘፈኑ ሲያልቅ ምን ተለወጠ? ሦስተኛው ጥያቄ ባዶ የሆነባቸው ዘፈኖች ከአራት ከበለጡ ጥፋቱ ከድርሰቱ ነው፤ የፈለገ ድምፃዊ ቢመጣ አያድነውም። በቫምፓየር ሥራዎች ውስጥ ይህ በሽታ የተለመደ ነው፤ ዘላለም የሚኖር ሰው አይቸኩልም፣ የማይቸኩል ሰው ደግሞ ቆሞ ስለ ብቸኝነቱ በዝግታ ይዘፍናል፣ ቀጥሎ ሌላው ይዘፍናል፣ ሦስተኛው ይከተላል። በመጀመሪያው ገቢር ውስጥ ዝግ ያሉትን ዘፈኖች ቁጠሩ። ሦስት ተከታትለው ከመጡ «ተዋናዩ ደከመ» ማለት ይቅር።

ቃሉ ካልተሰማችሁ ደግሞ መቼ እንዳልተሰማችሁ ለዩ። ብቻውን የሚዘፍነው ጥርት ብሎ ተሰምቶ ሕብረ ዝማሬው ከታፈነ ጥፋቱ የቅንብር ወይም የድምፅ ሚዛን ነው። ጥንዶቹ ሲተቃቀፉ ብቻ ድምፁ ከተበላሸ ነገሩ ሌላ ነው፦ ማይክሮፎኖቹ ከፀጉር መስመር ወይም ከዊግ ሥር የተደበቁ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ሁለት ፊቶች ሲቀራረቡ የአንዱ ድምፅ በሁለቱም ይገባል፣ በሺህኛ ሰከንድ ተዛንፎም ይደርሳል፣ በዚህ ጊዜ አንዱ የሌላውን ከፊሉን ይሰርዛል። ድምፁ ቀጥኖና ተቦርቡሮ ይወጣል። ባለሙያው ስንኝ በስንኝ እየተከታተለ የአንዱን ማይክሮፎን ዝቅ ማድረግ አለበት። በሌላ ቴአትር ይህ በሁለት የመሳሳም ትዕይንት ያልፋል፤ እዚህ ግን የድራማው ጫፍ ሁሉ አፍ አንገት ላይ የሚያርፍበት ነው። የሐሰት ጥርሱም ችግር አለው፦ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ይንሻፈፉበታል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለንክሻው ብቻ ይገባና ይወጣል። በገመድ የሚበር ተዋናይ የሚታጠቀው መታጠቂያ ወገቡንና ዳሌውን ሰቅዞ ስለሚይዝ ረጅም ኖታ ለመያዝ የሚያስፈልገውን የሆድ ትንፋሽ ያሳጥርበታል። የሚበረውና የሚዘፍነው በአንድ ጊዜ ከሆነ ያጠረውን ኖታ በድምፁ ላይ አትጻፉበት።

ፕሪቪውን እንደተመረቀ ቴአትር መቁጠር

ብሮድዌይ ላይ ቴአትር ከመመረቁ በፊት ለሳምንታት ለሕዝብ ይታያል፤ ይህ ፕሪቪው ይባላል። «ሌስታት» 33፣ «ዳንስ ኦፍ ዘ ቫምፓየርስ» 61 ፕሪቪው ነበራቸው፤ ሁለቱም ከተመረቁ በኋላ ከታዩት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው እንዲያውም ፕሪቪው ላይ ያሳለፈው ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ የተቆረጠ ዘፈን ማታ አይኖርም፤ ማክሰኞ ያያችሁት መጨረሻ ዓርብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ምረቃው ሲቃረብ ለውጡ ይቆማል፣ ሐያስያንም የሚጋበዙት ያኔ ነው። ስለዚህ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ቀን የሌለው የፕሪቪው አስተያየት ለማንም አይጠቅምም፤ ከሳምንት በኋላ ትኬት የሚገዛው ሰው እናንተ ያማረራችሁበትን ትዕይንት ላያገኘው ይችላል። ይህ ማለት ዝም በሉ ማለት አይደለም። የፕሪቪው ትኬት በነፃ አይሰጥም።

ከከተማ ውጭ የታየውንም ከኒው ዮርኩ ጋር አትቀላቅሉ። «ሌስታት» መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ በከራን ቴአትር ታይቶ፣ ተሻሽሎ ነው ኒው ዮርክ ፓላስ ቴአትር የገባው።

ሳቅን ሳይለዩ መቁጠር

«ሕዝቡ ሳቀ» ምንም አይነግረኝም። በምን ላይ? ከተዋናዩ ንግግር በኋላ አብሮ የፈነዳ ሳቅ ደራሲው የፈለገው ነው። በጸጥታ መሃል ከአንድ ጥግ ተነስቶ እየተዛመተ የሚሄድ፣ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ የሚስቀው ግን ትዕይንቱ መሞቱን ያሳያል። ሦስተኛም አለ፦ የማወቅ ሳቅ። ስታይንማን ቦኒ ታይለር በ1983 ያነገሠችውን «ቶታል ኢክሊፕስ ኦፍ ዘ ሃርት» ለዚህ ሥራ መልሶ ተጠቅሞበታል። ቪየና ላይ ዜማው በጀርመንኛ ግጥም፣ ለገጸ ባሕርያቱ በተጻፈ ቃል ይዘፈናል፤ ኒው ዮርክ ላይ ግን አዳራሹ ከሬዲዮ በቃሉ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን ሲጀምር ተመልካች ታሪኩ ከሚካሄድበት ከትራንሲልቫኒያ ወጥቶ ወደ ራሱ ትዝታ ይሄዳል። ይህን ሳቅ በዘፋኞቹ ላይ የሚጽፍ ሰው ተሳስቷል።

«አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ ቆመው አጨበጨቡ»

ብሮድዌይ ላይ ቆሞ ማጨብጨብ ከጊዜ ወዲህ ካፖርት እንደማንሳት ልማድ ሆኗል፤ ማስረጃ አይሆንም። የሞላ አዳራሽም አይሆንም። ከ1973 ጀምሮ ታይምስ ስኩዌር ላይ ያለው የቲኬቲኤስ ዳስ የዕለቱን ትኬት እስከ ግማሽ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይሸጣል፤ ከዚያ ሌላ ወንበር ለመሙላት ብቻ የሚታደል ነፃ ትኬት አለ። ማወቅ ከፈለጋችሁ በየሳምንቱ የሚወጣውን የብሮድዌይ ገቢ ተመልከቱ፤ የተመልካቹን ብዛት ሳይሆን የአንድ ትኬት አማካይ ዋጋውን። ወንበሩ 90 በመቶ ተይዞ አማካይ ዋጋው በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ቴአትሩ እየሞተ ነው። በሳምንት ስምንት ትርኢት ነው የሚታየው፤ 39ኙ የ«ሌስታት» ትርኢቶች አምስት ሳምንት አይሞሉም።

አዳራሹ ውስጥ ሆናችሁ ልትለኩት የምትችሉት ሌላ ነገር አለ። ከዕረፍት በኋላ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱና ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ቁጠሩ። ይህ ከጭብጨባው ይልቅ አይዋሽም።

ወንበርን አለመናገር

ፓላስ «ሌስታት» ሲታይበት ከ1,700 የማያንስ ወንበር የነበረው፣ የላይኛው ሰገነቱ ቀጥ ያለና ሩቅ የሆነ ቤት ነበር። «ድራኩላ» የታየበት ቤላስኮ 1,000 ገደማ ነው። ከሰገነት ሥር የኋላ ረድፍ የተቀመጠ ሰው ከላይ የሚመጣው ድምፅ ይቀንስበታል፤ ወደ ዳር የተቀመጠ የበረራውን ገመድና ከመድረክ ሥር የሚከፈተውን በር ያያል። «ማታለያው ይታያል» ከማለታችሁ በፊት የት እንደነበራችሁ ተናገሩ።

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም»

«ሌስታት» የተወሰደባቸውን ልቦለዶች የጻፈችው የአን ራይስ አንባቢዎች ቴአትሩን ያጠቁበት ዋና መንገድ ይህ ነበር። ሁለት ልቦለድ በአንድ ምሽት ሲጨመቅ የሚቀር ነገር መኖሩ አያከራክርም፤ መቆረጡ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥያቄው መጽሐፉን ያላነበበ ጎረቤታችሁ ገብቶታል ወይ ነው። በዕረፍት ጊዜ ጠይቁት። ሌስታት እናቱን ጋብሪኤልን ቫምፓየር የሚያደርግበት ክፍል መጽሐፉን ላላነበበም ይሠራል፤ ሞት ላይ ያለች እናትና ሊያጣት ያልፈለገ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው ታሪክ አልቆ የሌላኛው ልቦለድ ገጸ ባሕርያት ሉዊና ክላውዲያ ሲመጡ ግን ተመልካች ሌላ ቴአትር እንደገና ሊጀምር ይገደዳል። ይህ ነው መጻፍ ያለበት።

በዚያው ላይ፣ ቴአትሩ ወደቀ ብሎ ውስጡ ያለውን ሁሉ መጣል የሰነፍ ሥራ ነው። «ሌስታት» የብሮድዌይ ዋና ሽልማት ለሆነው ለቶኒ ሁለት እጩነት አግኝቷል፦ ካሮሊ ካርሜሎ በጋብሪኤል፣ ሱዛን ሂልፈርቲ በአልባሳት።

የቫምፓየር እርግማን

በየጊዜው የሚሰማ ተረት ነው፤ ቫምፓየር መድረክ ላይ አይሠራም ይላሉ። ፍራንክ ላንጄላ የጀመረው የ1977ቱ «ድራኩላ» ብሮድዌይ ላይ ከ900 ጊዜ በላይ ታይቷል፤ ዘፈን የሌለበት ተውኔት ነው። የዋይልድሆርን «ድራኩላ»ም ከኒው ዮርክ ውድቀቱ በኋላ ተሻሽሎ በኦስትሪያዋ ግራትስ፣ ኋላም በሴኡል ታይቷል። ስለዚህ እርግማን ካሉ አይቀር አድራሻውን ይናገሩ፦ ብሮድዌይ፣ በዘፈን፣ በነዚያ ዓመታት።

ጥቃቅኖቹ

በፕሌይቢሉ ውስጥ የገባችውን ብጣሽ ወረቀት ሳያነቡ ዋናውን ተዋናይ መስደብ። ያያችሁት ተተኪው ሊሆን ይችላል።

መጨረሻውን በመጀመሪያው መስመር መናገር።

ሳያዩ ከሌላ ሰው አስተያየት አስተያየት መሥራት። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በስልክ ተሰርቆ በተቀዳ ድምፅ መፍረድ። የስልክ ማይክሮፎን ጩኸቱን ይጨፈልቃል፣ ዝቅታውን ከፍ ያደርጋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ የጎረቤት ሳል ግን ከኦርኬስትራው እኩል ይሰማል። የ«ሌስታት» ተዋንያን ዘፈኖቹን ስቱዲዮ ገብተው ቀድተው ነበር፤ አልበሙ ግን ለገበያ አልወጣም። ዛሬ ስለ ዜማዎቹ የምትጽፉ ከሆነ ከምን እንደሰማችኋቸው አስቀድማችሁ ጻፉ።