ለትንሽ ጥይት የትኛው አክሽን? አንድ የድሬ ቶርኖ ሠራተኛ እንደሚለካው

ዴንቨር ያለው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለ። «ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው። ሚኒ አክሽን ይሻለኛል ወይስ ሾርት?» የጓደኛው ቤተሰብ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት ያረባል። ፕሬሪ ዶግ የሚሉት የሽኮኮ ቢጤ ግጦሹን ሁሉ ጉድጓድ በጉድጓድ አድርጎባቸዋል። ኮዮቴ የሚሉት ቀበሮ መሰል አውሬም ጥጃ ላይ ዓይኑን ጥሏል። እዚህ ሐረር ጅብ ሥጋ በእጅ ሲጎርስ፣ እዚያ ለሽኮኮ ጠመንጃ ይመረጣል። አቦ፣ አገሩ ብዙ ነው!

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ዎርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጥያቄው ግን የሚሊሜትር ጥያቄ ስለሆነ አያስቸግረኝም። ለእሱ የነገርኩትን ነው የጻፍኩት፤ ስለዚህ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አክሽን የሚሉት መቀርቀሪያውን የያዘውን፣ ከፊቱ በርሜል የሚታሰርበትን የብረት አካል ነው። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስትስበው ባዶውን ቀለህ ያወጣል። ወደ ፊት ስትገፋው ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል። እንግዲህ የሚመላለስበት መንገድ ከሙሉው ጥይት ርዝመት መብለጥ አለበት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥይቱን እወቅ። ብዙ ሰው የቀለሁን ርዝመት አንብቦ ይወስናል። አይሆንም፤ ከቀለሁ መቀመጫ እስከ አረሩ ጫፍ ያለውን ነው የምትፈልገው። አሜሪካኖቹ በኢንች ስለሚጽፉ በ25.4 አባዛው። 22 ሆርኔት የሚባለው ጥይት እስከ 43.8 ሚሊሜትር ይደርሳል። 222 ሬሚንግተን 54.1፣ 223 ሬሚንግተን እና 204 ሩገር 57.4 ናቸው። 22-250 59.7 ይሆናል። 243 ዊንቸስተር 68.8፣ 308 ደግሞ 71.4። 30-06 ላይ ስትደርስ 84.8 ነው። የኛ አገር ሰው የሚያውቀው የክላሽ ጥይት 56 ገደማ ስለሆነ ከትንንሾቹ ጋር ይመደባል።

ሾርት አክሽን በ308 ልክ የተሠራ ነው። ሎንግ በ30-06 ልክ። ሚኒ የሚሉት ደግሞ ከ223 ብዙም አያልፍም። ከጠመንጃ ሞዴሎች ሲዜድ 527፣ ሆዋ ሚኒ፣ ከድሮዎቹ ሳኮ ኤል461 እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቲካ ቲ3 ለየት ይላል፤ አካሉ ለሁሉም ጥይት አንድ ርዝመት ነው፣ ልዩነቱን በካዝናውና በመቀርቀሪያው ማቆሚያ ይጨርሰዋል።

ልጁ ቁጥሮቹን ሰምቶ ብልጥ ጥያቄ ጠየቀኝ። «22-250 ከ223 የሚበልጠው በሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ታዲያ ሚኒ ውስጥ ለምን አይገባም?» ርዝመት ብቻውን ስለማይናገር ነው። የ223 ቀለህ መቀመጫ ስፋቱ 9.6 ሚሊሜትር ነው። የ22-250 12 ሚሊሜትር ነው፤ ከ308 ጋር እኩል ማለት ነው። እንዲህ የወፈረ ጥይት ሰፋ ያለ የመቀርቀሪያ ፊት ይፈልጋል። ሰፋ ያለ ካዝና ይፈልጋል። ዋናው ግን ወደ ኋላ የሚመጣው ግፊት ነው። የባሩዱ ግፊት የሚያርፍበት ቦታ ሲሰፋ መቀርቀሪያው የሚሸከመው ጉልበትም አብሮ ያድጋል፤ የቦታውን ስፋት በካሬ ሚሊሜትር አውጥተህ በግፊቱ አባዛው። ቀጭን መቀርቀሪያ ላይ ይህን መጫን እኔ ብጠየቅ የማልሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ አክሽን ስትመርጥ ሁለት ቁጥር ያዝ፦ ሙሉ ርዝመትና የመቀመጫ ስፋት።

ትንሽ ጥይት ረጅም አክሽን ውስጥ ቢገባስ? ይተኮሳል። አባቴ በፈቃድ የያዙት ቤልጅግ ነበራቸው። ሞዘር ነው፣ ጥይቱ ከነአረሩ 82 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚያ ልክ የተሠራ አክሽን ላይ 223 ብታደርግ፣ በእያንዳንዱ ተኩስ 25 ሚሊሜትር በከንቱ ትስባለህ፣ 25 በከንቱ ትገፋለህ። ለአንድ ኩንታል ሽንኩርት አይሱዙ መከራየት ነው። ካዝናው ውስጥም አጭሩ ጥይት ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ በእርግጫው የአረሩ ጫፍ ይደቀደቃል። ለዚህ ነው ካዝናው ኋላ ላይ መሙያ ብረት የሚያደርጉት። ደህና ከተሠራ ችግር የለውም። በግዴለሽነት የተገጠመ ከሆነ ግን ጥይቱ አፍንጫውን ቀብሮ ይቆማል።

የኔ ፍርድ ይኸውልህ። ጠመንጃውን ተሸክመህ ሜዳ ለሜዳ የምትዞርበት ከሆነ፣ ከ223 በላይም አልፈልግም ካልክ፣ ሚኒ ግዛ። ቀላል ነው፣ መቀርቀሪያው በአጭሩ ይመላለሳል። አንድ ቦታ ተቀምጠህ በወፍራም በርሜል ቀኑን ሙሉ የምትተኩስ ከሆነ ግን ከአክሽኑ ያተረፍካት ክብደት በርሜሉ ውስጥ ትጠፋለች፤ ሾርት ይበቃሃል። ነገ 22-250 ወይም 243 ያምረኛል የሚል ሰውም ሾርት ይያዝ። አጭር አክሽን አይተጣጠፍም፣ ስለዚህ በትክክል ይመታል የሚሉህ አሉ። ብረቱን ካየህ እውነት አላቸው። ሽኮኮው ግን ልዩነቱን አያውቀውም።

ረጃጅም ከባድ አረር የሚወዱ ሰዎችም ይጠንቀቁ። እንዲህ ያለ አረር ያለው 223 ከ57.4 ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሚኒ ካዝና አይቀበለውም፣ አንድ በአንድ በእጅህ ማጉረስ ነው። ሾርት አክሽን እዚህ ላይ ትርፍ ቦታ ይሰጥሃል።

ወረቀቱን አትርሳ። እዚያ የግዛቱን የአደን ሕግ ጠይቅ። እዚህ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። የዱር እንስሳ ላይ መተኮስ ሌላ ፈቃድ ነው።

ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን የጥይት ስም አንብብና ካዝናውን ከውስጥ ካሊፐር በሚሉት የሚሊሜትር መለኪያ ለካ፤ ከጥይትህ ትንሽ መብለጥ አለበት። ቀጥሎ ባለሱቁን ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ለምነው፤ ካዝናውን ሙላና በቀስታ፣ ከዚያ በፍጥነት አመላልሰው። መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ሳብ። ግማሽ መንገድ ላይ የመመለስ ልማድ ካለህ ረጅሙ አክሽን እዚያው ያጋልጥሃል፤ አዲሱን ጥይት ሳይዝ ባዶውን ይዘጋል። አንዱ ጥይት እንኳን ካንገራገረ ካዝናውን አስቀይረህ ድገመው። አሁንም ካንገራገረ ያን ጠመንጃ ተወው።