ጠርሙስ ከገባ በኋላ ጠባዩ የተለወጠ ጠላ

አንድ ዓመት ለፋሲካ ደሴ የጠመቅሁትን ጠላ አጥልዬ 12 ጠርሙስ ሞላሁ። ሁለቱን ኮምቦልቻ ላለችው አክስቴ ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ምነው ልጄ፣ አቸቶ ነው እንዴ የላክሽልኝ?» ደንግጬ እቤት ካሉት አንዱን ከፈትሁ። ደህና ነው! ያው ጠላ፣ ያው ቀን። ልዩነቱ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ መውረዱ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷን የቀመሰ ያውቀዋል። አክስቴ ደግሞ ጠርሙሶቹን ያስቀመጠችው ቁም ሳጥን ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ነው።

ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። የደሴዎቹም በአሥረኛው ቀን ያንኑ ሆኑ።

አቸቶ አቸቶ ሲል

መጀመሪያ ለዩት። ጠላ ድሮም ትንሽ ይጎመዝዛል። እርጎ እርጎ የሚል ለስላሳ ኮምጣጣነት የራሱ ነው፣ አትደንግጡ። አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል። አልኮሉን ወደ አቸቶ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም። ጋን ውስጥ እያለ አፉ ተመርጓል፣ ከውስጥ የሚወጣው ጋዝም አየሩን ይገፋል። እኛ ግን በጆግ ከላይ እያንቸለቸልን፣ አረፋ እያስነሳን ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

መፍትሄው ቀጭን ንጹህ ቱቦ ነው። ጫፉ የጠርሙሱን ወለል ይንካ፣ ጠላው ከታች ወደ ላይ ይሙላ። ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አስቀሩ። ግማሽ ጠርሙስ ጠላ አታስቀምጡ፤ ያንን በዚያው ቀን ጠጡት። ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት፣ በሳምንት ውስጥም ጨርሱት። አንዴ አቸቶ የሆነውን ስኳር ጨምሮ ለማዳን የሚሞክር አለ። አይድንም። ስኳሩ እንደገና ይፈላና ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ለሰላጣ አድርጉት።

መድኃኒት መድኃኒት ሲሸት

ጌሾውን አትሙት፣ በረኪናው ነው። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አሽተው አጥበው በወይራ ያጥኑት ነበር። እኛ በበረኪና አጥበን እንደ ነገሩ እናለቀልቃለን። ከጭሱና ከተቆላው እህል የሚመጡት ፌኖል የሚባሉ ውህዶች በረኪናው ውስጥ ካለው ክሎሪን ጋር ሲገናኙ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ክሎሮፌኖል ይፈጠራል። ጠብታው እንኳ ጠርሙሱን ሙሉ ያሸተዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ከበዛበትም ያው ነው። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ጠርሙሱን ደግሞ የበረኪናው ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከሸተተ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም።

በነገራችን ላይ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሽታውን አይለቅም። አንድ ጊዜ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ጠላ ለእንግዳ አቅርቤ አፍሬያለሁ። የሃይላንዱ ይሻላል።

ሲከፈት ጣራ ሲነካ

ሳይጨርስ ነው የታሸገው። ስኳር ቀርቶታል፣ እርሾው ጠርሙስ ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል። በዚህ የሚቀለድ አይደለም፤ ብርጭቆ ጠርሙስ ፈንድቶ ሰው ይጎዳል። ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ሃይላንድ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁና አሳድሩት። ጠዋት ስትጨብጡት ድንጋይ ከሆነ ገና ነው፣ ጋኑን ሁለት ሦስት ቀን ታገሱት። የታሸገ ካላችሁ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ቀስ እያላችሁ አስተንፍሱት።

ቅቤ ቅቤ ወይም ጥሬ ፖም ፖም የሚል ጠላም ብዙ ጊዜ የዚሁ ችኮላ ልጅ ነው። እርሾው ራሱ የፈጠረውን ሽታ መልሶ ይበላዋል፣ ጊዜ ከሰጣችሁት። የደሴ ብርድ ደግሞ እርሾውን ያስተኛዋል። ጋኑን ብርድ ልብስ አልብሱት።

ሻጋታ ሻጋታ ካለ ግን ብዙ ጊዜ ብቅሉ ሳይደርቅ ተከማችቶ ነበር ማለት ነው። አታጥልሉት፣ አትቅመሱት። ድፉት።

ለአክስቴ ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ልኬ አላውቅም። ድፍድፉን በባልዲ አሽጌ እልክላታለሁ። ውሃውን እዚያው ኮምቦልቻ ትጨምርበታለች።